ያልተቀባ ቀለም

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ፍቅር ተጽፏል፤ ስለ ሞት ተጽፏል፤ ስለ ክረምት ዝናብ፣ ስለ መኝታ ቤት ትኋንና ስለ ካፌው ሽሮ ሳይቀር ግጥም ተገጥሟል። ስለ ሰንጢ እጀታ የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዲህ ዛሬ እኔ ልጻፍ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ከቲታኒየም የተሠራ የሰንጢ እጀታ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ምን ያህል ይቆያል? ሲለቅስ ምን ማለት ነው? «ለዚህማ የምሕንድስና ተማሪዎች አሉ አይደል እንዴ፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። በዚህ ቀለም ሰበብ የአንድ የሥራ ሰው ስም በቤታችን ውስጥ ጎድፏልና።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በ2004 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። ኑሮው ቨርጂኒያ፣ ሥራው መጋዘን ውስጥ፣ ሰዓቱ ሌሊት ነው። ካርቶን ይከፍታል፤ ዕቃ ይለያል፤ መልሶ ያሽጋል። በ2016 ዓ.ም. ለገና፣ ከሄደ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ደሴ መጣ። እንደ ደንቡ ለሁሉም የየድርሻውን ይዞ ነበር፤ ለእናቴ ሽቶ፣ ለአክስቴ ጫማ፣ ለአባቴ ካፖርት። አባቴ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ካፖርቱ እንቢ አለ። አጎቴ ጥቂት አፈረና ከሻንጣው ጥግ የራሱን ሰንጢ አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄን ይያዙልኝ፤ እርሳስ ይቀርጹበታል። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው» አለ።

ሰንጢው ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ሰማያዊ አይደለም። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ግራጫ ሆኗል። በግራጫው ዙሪያ ነሐስ የመሰለ ቀጭን ቀለበት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ወይን ጠጅ፤ ከወይን ጠጁ ቀጥሎ ነው ሰማያዊው የሚጀምረው። ኪስ አፍ ላይ የሚሰካበት መቆንጠጫማ ጭራሽ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። አክስቴ ተቀብላ ገለባበጠችውና፣ «ውይ፣ ተልጧል እኮ! አሜሪካም ልጥፍ ይሸጣል እንዴ?» አለች። ቤቱ ሳቀ። አጎቴም አብሮ ሳቀና፣ «ሳልመጣ በፊት ላድሰው ነበር፤ ጊዜ አጣሁ» አለ።

ያቺ «ልጥፍ» የምትባል ቃል ከሰንጢው ወርዳ ሰውየው ላይ ስትወጣ ዓይኔ እያየ ነው። እሱ ተመልሶ ከሄደ በኋላ እንኳ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ሠርቶ ይዞ የመጣው የተላጠ ሰንጢ!» ሲባል ሰማሁ። ሰው አገር የኖረ ሰው ይዞት የመጣው ዕቃ በኛ ዘንድ የኑሮው የፈተና ውጤት ነው፤ በአደባባይ ይለጠፋል፤ ሁሉም እየመጣ ያነባል። አባቴ ብቻ ነው ሳይስቅ የቀረው። አባቴ አናጢ ነው፤ የጠየቀኝም የአናጢ ጥያቄ ነበር፦ «ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ይዝጋል ወይ? አንተ ዩኒቨርሲቲ ነህ፤ እስቲ እይልኝ።» ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው አሁን የማወራችሁ።

በአማርኛ «ቀለም» የማይሸከመው ነገር የለም። ግድግዳ የሚቀባው ቀለም ነው፤ ክር የሚነከርበት ቀለም ነው፤ ጸሐፊው ብራና ላይ የሚጽፍበት ቀለም ነው፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ነው። «ቀለም ቆጥሯል»፣ «ቀለም አይገባውም» እንባባላለን። በሁሉም ውስጥ ግን አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፦ ቀለም ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው። ወይ ላይ ይቀባል፤ ወይ ውስጥ ይነከራል። የተቀባ ይላጣል፤ የተነከረ ይለቃል። አክስቴ «ተልጧል» ስትል የተናገረችው ይህንኑ ሁላችንም የምናውቀውን ነው፤ አልፈርድባትም። የቲታኒየሙ ቀለም ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

እጀታው ላይ ሰማያዊ ነገር የለም። ይህ ቅኔ አይደለም፤ እውነቱ ነው። ብረቱን ብትፍቁትና ፍቅፋቂውን ብትሰበስቡት አንዲት ቅንጣት ሰማያዊ ዱቄት አታገኙም። ያለው የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው። ቲታኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበቅላል። ይህ ሽፋን በተፈጥሮው እጅግ ቀጭን ስለሆነ ዓይን አያየውም። አኖዳይዚንግ የሚሉት ሥራ ያን ቆዳ በኤሌክትሪክ ማወፈር ነው። እጀታው ቤኪንግ ሶዳን በመሰለ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከባትሪው ወይም ከማሽኑ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ይገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ዓይናችሁ እያየ ቀለሙ ይመጣል። ማንም ቀለም አልጨመረም።

ታዲያ ከየት መጣ? ከዝናብ በኋላ አስፋልት ላይ ነዳጅ የፈሰሰበትን ኩሬ ያየ ሰው መልሱን አይቶታል። የሳሙና አረፋ የነፋ ልጅም አይቶታል። ነዳጁ ቀስተ ደመና የለውም፤ ሳሙናውም የለውም። ብርሃኑ ግማሹ ከስሱ ሽፋን ላይኛው ገጽ፣ ግማሹ ደግሞ ከታችኛው ገጽ ነጥሮ ይመለሳል፤ ሁለቱ ሲመለሱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ዥዋዥዌ የሚገፉ ሁለት ልጆችን አስቡ። በአንድ ምት ከገፉ ዥዋዥዌው ሰማይ ይነካል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ከጎተተ ባለበት ይቆማል። ብርሃንም ሞገድ ነውና እንደዚያው ነው፤ አንዳንዱ ቀለም ይደጋገፋል፣ አንዳንዱ ይጠፋፋል፤ የተረፈውን እኛ «ሰማያዊ» እንለዋለን። የትኛው እንደሚተርፍ የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረት ብቻ ነው። ሮበርት ሁክ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የስስ ነገሮችን ቀለም፣ በእሳት የጋለ ብረት የሚያወጣውንም ጭምር፣ አንሥቶ ተመራምሮበታል። በሞገድ አስተሳሰብ አጥጋቢ ማብራሪያ የሰጠው ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ፣ ቶማስ ያንግ ነው። የኛ ቀጥቃጮችም ቢሆኑ ነገሩን በዓይናቸው ያውቁታል። ብረት እሳት ላይ ሲቆይ መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይላል፤ ይኸው ነው።

ኤሌክትሪኩ በቮልት ይለካል፤ ቮልቱ ውፍረቱን፣ ውፍረቱ ቀለሙን ይወስናል። በ15 ቮልት አካባቢ ነሐስ መሳይ ነው፤ በ20 ገደማ ወይን ጠጅ፤ ወደ 30 ሲጠጋ ደማቅ ሰማያዊ፤ ከዚያ ሰማያዊው እየፈካ ይሄድና በ60 አካባቢ ወርቅማ ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ሮዝ፤ ወደ 100 ሲደርስ አረንጓዴ። በመካከላቸው ሌላም ብዙ አለ። እውነተኛ ቀይ ግን የለም። አጎቴ ይህን የተማረው በራሱ ሰንጢ ነው። ጋራዡ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራ ባልደረባ አለውና፣ «አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርግልኝ» ብሎት ነበር። ሰውየው፣ «አረንጓዴውንም ቢጫውንም እሰጥሃለሁ፤ ቀዩን ግን ብረቱ አያውቀውም» አለው። ሁለት ሦስተኛ ባንዲራ ይዞ ከመዞር ሰማያዊ ይሻላል ብሎ ሰማያዊ አስደረገው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መቆየቱ እንምጣ። ይህ ቀለም ሁለት ተቃራኒ ጠባይ አለው።

አንደኛው፣ ጊዜ አያረጀውም። ፀሐይ የምታነጣው ማቅለሚያ ውስጡ የለምና ፀሐይ ላይ ቢሰጣ አይደበዝዝም። ውሃ አያጥበውም። ከአሉሚኒየም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ገበያ ላይ የምናያቸው ቀይና አረንጓዴ የእጅ ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየምም በኤሌክትሪክ ቆዳ ያበቅላል፤ ነገር ግን የሱ ቆዳ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይሠራና ቀዳዳዎቹ ውስጥ ማቅለሚያ ይነከራል፤ ከዚያ በፈላ ውሃ ይደፈናል። ስለዚህ ቀይም ጥቁርም ይሆናል፤ ሽፋኑ ወፍራም ስለሆነ ጭረትንም የተሻለ ይችላል። ማቅለሚያው ግን ብዙ ጊዜ ከፀሐይ ጋር አይስማማም፤ ቀይ የነበረው ውሎ አድሮ ሐመር ይሆናል። የአሉሚኒየሙ ጠላት ፀሐይ ናት፤ የቲታኒየሙ ጠላት እጅ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ ይህ ነው፤ የእጅን ነገር አይችልም። ሽፋኑ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ግን ስስነቱ! አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ሰማያዊ የሚሰጠው ሽፋን አንድ መቶ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። የራሳችን ጠጉር ከሃምሳ ሺህ እስከ መቶ ሺህ ናኖሜትር ይወፍራል። እንግዲህ ጠጉራችንን በቁመቱ አንድ ሺህ ቦታ ብንሰነጥቀው፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ የአንዱ ስንጣቂ ያህል ነው። ቁልፍና ሳንቲም ካለበት ኪስ ሲገባ ሲወጣ፣ አሸዋና አቧራ ሲያሸው፣ አውራ ጣት በየሌሊቱ አንድ ቦታ ሲጫነው ይሳሳል። መጀመሪያ የሚለቀው ጠርዝና ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ ጎድጎድ ያለው ይቆያል። ለዚህ ነው መቆንጠጫው ከሁሉ ቀድሞ ባዶ የሆነው፤ ሰንጢው በወጣና በገባ ቁጥር የሱሪውን ጠርዝ የሚታገለው እሱ ነዋ።

እንግዲህ እነዚያን ቀለበቶች አስታውሱ፤ ግራጫ፣ ነሐስ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ። ቀለሙ ሲሠራ የመጣበት መንገድ ነሐስ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ነበር። ሽፋኑ ሲሳሳ ደግሞ በመጣበት መንገድ ነው የሚመለሰው፤ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከወይን ጠጅ ወደ ነሐስ፣ በመጨረሻ ወደ ባዶው ብረት። የግድግዳ ቀለም ሲላጥ እንዲህ አያደርግም፤ ወይ አለ ወይ የለም፣ ቅርፊቱ ይነሣና ያልቃል። የልጥፍ ምልክት ይህ ነው። የአጎቴ ሰንጢ ላይ ያለው ግን ማንበብ ለሚችል ሰው መዝገብ ነው። አውራ ጣቱ የት እንደነበረ፣ ስንት ኃይል ምን ላይ እንዳረፈ፣ ቀኝ እጁ እንደነበረ ሁሉ ይናገራል። የዘጠኝ ዓመት ሌሊት በናኖሜትር ተለክቶ ተጽፎበታል።

አንድ ቀልድ የመሰለ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ጊዜ ቀለሙ የለቀቀ ይመስላል እንጂ አልለቀቀም። የጣት ቅባት በሽፋኑ ላይ ሌላ ስስ ሽፋን ይሆንና የብርሃኑን ሂሳብ ያዛባዋል፤ ሰማያዊው ይደፈርሳል። አባቴ በነገርኩት መሠረት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ ቢያደርቀው ከሰማያዊው ብዙው ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወዙ የሸፈነው ብቻ ነው፤ አውራ ጣት የበላውን ሳሙና አይመልሰውም።

የአባቴንም ጥያቄ እነሆ። አይዝግም። ተራ ብረት ቀለሙ ሲላጥ ገላው ይጋለጣል፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፤ የበራችንን ላሜራ ያየ ያውቀዋል። ቲታኒየም ግን ሰማያዊው ሲያልቅበት ራቁቱን አይቀርም። ያ ዓይን የማያየው የመጀመሪያ ቆዳው እዚያው ቦታ ላይ ወዲያው ይበቅላል። የተሰበረ አጥንት የሚጠገንባቸው ብሎኖችና ሳህኖች ከቲታኒየም የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብተው አይዝጉም። ከነዚህም ብዙዎቹ ሐኪም መጠናቸውን ቶሎ እንዲለይ በዚሁ በኤሌክትሪክ ቀለም የተለዩ ናቸው፤ ተነክሮ የሚለቅ ማቅለሚያ የላቸውማ! ስለዚህ ሰንጢው ቀለሙን ሲያጣ ያጣው ቀለሙን ብቻ ነው። ጥንካሬውም፣ ከብረት በግማሽ ገደማ መቅለሉም፣ አለመዛጉም እንዳለ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ «በቃ፣ ሌላው የሴትና የሕፃን ወሬ ነው» አለ። አክስቴ አጠገባችን ነበረች፤ ዝም አላለችውም፦ «ወሬውን ተወውና፣ እሺ ካልተላጠ ታዲያ ለምን አላሳደሰውም? ዘመድ ፊት ሊያቀርበው አይደል እንዴ?»

ጥያቄዋ ከባድ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ማደስ ይቻላልና። አሮጌው ሽፋን ተፍቆ ወይም በአሲድ ተነሥቶ እጀታው እንደገና ውሃው ውስጥ ቢገባ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ አዲስ ሰማያዊ ይሆናል። (አሲዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ክፉ ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪኩም ከፍ ሲል ይገድላል፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ለመሞከር ያሰባችሁ ተዉት።) አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚወዱ ብዙ ናቸው። አይዳሆ ውስጥ የሚሠራ «ሰበንዛ» የሚባል ዝነኛ የቲታኒየም ሰንጢ አለ። መሥራቹ ክሪስ ሪቭ ከደቡብ አፍሪካ የሄደ ነው፤ ስሙንም ከዙሉ ቋንቋ ወሰደው፤ ትርጉሙ «ሥራ» ማለት ነው። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው። ይህን «ሥራ» የሚባል ሰንጢ ገዝተው፣ ቀለሙ እንዳይጫር ብለው አንድም ቀን ሳይሠሩበት በሳጥን የሚያስቀምጡ ሰብሳቢዎች አሉ። የነሱ ሰማያዊ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሚነካው የለማ!

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አጎቴ ሰንጢውን ሳያድስ መምጣቱ ሳያስበው የደረሰ በጎ ነገር ነው። ቢያድሰው ኖሮ አዲስ ዕቃ እናይ ነበር፤ ሰውየውን አናይም ነበር። ስለ ቨርጂኒያ በስልክ ሲነግረን የኖረው፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው» የሚል ብቻ ነው። እኛም ሥራው ምን እንደሚመስል ጠይቀን አናውቅም፤ ገንዘቡ ደረሰ አልደረሰ እንጂ። አውራ ጣቱ ብረት እስኪታይ ድረስ ካርቶን ላይ መክረሙን የነገረን ይህ ግራጫ ቦታ ነው። በሱ ገንዘብ ነው የኔ የትምህርት ቤት ወጪ የተከፈለው። እኔ የቆጠርኩት ቀለም ከሱ እጀታ ላይ የለቀቀው ነው ብል ቅኔ አስመሰልከው እንዳትሉኝ፤ ሂሳቡ እንደዚያ ነው።

ለአክስቴም ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳት። ሰንጢውን አንሥታ እንደገና ወደ ብርሃኑ ያዘችውና፣ «እሱስ ቢሆን ለምን አይናገርም?» አለች። አልመለስኩላትም። የሚናገርበት ወግ መቼ ሰጠነው? ሰው አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ የምናየው ካፖርቱ ይበቃል ወይ፣ ሽቶው ስንት ያወጣል የሚለውን ነው። ሲመጣ ሁሉም እጀታው ታድሶ፣ ሰማያዊ ሆኖ እንዲመጣ እንፈልጋለን። የለቀቀ ቦታ ካየን ልጥፍ እንለዋለን።

ስለዚህ በምሕንድስናም በሥነ ጽሑፍም ቋንቋ መልሴ አንድ ነው። የቲታኒየም ቀለም ስንት ዓመት ይቆያል? ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ባለቤቱን ይቀብራል። ከተሠራበት፣ የሠሪው እጅ እስከ ፈቀደለት ድረስ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለኝ፣ አባቴ አሁን እርሳስ የሚቀርጽበት ሰንጢ ላይ ከግራጫው ቦታ አጠገብ ሁለተኛ ወይን ጠጅ ነጥብ መታየት ጀምሯል። የአባቴ አውራ ጣት ከአጎቴ ትንሽ ወደ ኋላ ነው የሚያርፈው።